ጭንቅላት ውስጥ የምትንኳኳ መኪና

ጆሮ የሚሉትን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ ብል እዋሻለሁ። ለዓመታት ጎረቤት ነን፤ ከሰላምታ ያለፈ ግን ብዙም አላወራንም። እሱ ከቤቴ ሥር ባለችው ጠባብ ሱቅ የስፌት መኪና ይጠግናል፤ እኔ ሰው ሲያናግረኝ ቃል የሚጠፋኝ ሰው ነኝ። ይህን ታሪክ የሰማሁት ግማሹን ከራሱ፣ ግማሹን ከሚስቱ ነው። ወሬያቸው ሲጋጭብኝ የሚስቱን ይዣለሁ።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት ልብስ ሰፊዎች ናቸው። መኪና ሲመጣለት ካቻቢቴ ለማንሳት አይቸኩልም። ጆሮውን ጠረጴዛው ላይ ለጥፎ መዘውሯን በእጁ ያዞራል። «መርፌዋ ጠማማ ናት» ወይም «ኩሽኔታዋ አልቋል» ይላል። የሚፈታት ከዚያ በኋላ ነው።

ኋላ ግን ተጠግና ያለቀች መኪና ፊት ቁጭ ብሎ «ቆይ፣ ቆይ፣ ትንኳኳለች» ማለት አበዛ። ይፈታታል፤ ምንም የለም። ይገጥማታል፤ አሁንም ትንኳኳለች። የስንቷን ጤነኛ መኪና ሆድ ዕቃ ዘረገፈ! አንዷ ልብስ ሰፊ «ይጠግንልኛል ብዬ ሰጠሁት፣ እሱ ገነዛት» ብላ መኪናዋን በከረጢት ወሰደች።

አንድ ቀን ሚስቱ መረራትና መኪናዎቹን ሁሉ ደጅ አወጣች። እሱን ባዶው ሱቅ መሃል አቆመችው።

«አሁንስ?»

«ትንኳኳለች።»

«የታባቷ ሆና?»

ዙሪያውን አየ። ከዚያ ወደቀና ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሆስፒታል ያየችው ሐኪም የሚጥል በሽታ ነው አለች። ከጆሮው በላይ ያለች አንዲት የአንጎል ቦታ ማንም ሳያዛት ኤሌክትሪክ ትረጫለች፤ ድምፁን የምትፈጥረው እሷ ናት። ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ችግሩ ጎረቤቷ ነው፦ ድምፅ የሚለይበት ቦታ። እሱ አብሮ ከተቆረጠ ሥራው አበቃለት። ስለዚህ ነቅቶ እያለ አንጎሉን በደካማ ኤሌክትሪክ እየነካኩ የሚሰማውን ሊጠይቁት ነው። አንጎል ሲነካ አያምም አሉት።

«ጆሮዬን ከማጣ ብወድቅ ይሻለኛል» አለ።

«አንተማ ትወድቃለህ» አለች ሚስቱ፣ «የማነሳህ እኔ ነኝ!»

ፈረመ።

የራስ ቅሉ ተከፈተ። ሐኪሟ በቀጭን ሽቦ ነካችው።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ማነው መኪና የከፈተው? ዘይት አንሷታል እኮ!»

«እዚህ መኪና የለም፣ ጋሼ።»

«እንዴት የለም? ይኸው ትንኳኳለች!»

ሐኪሟ ሽቦውን ሳታነሳ ኤሌክትሪኩን ብቻ አጠፋች።

«አሁንስ?»

«ቆመች። መብራት ሄደ እንዴ?»

ነርሶቹ ሳቁ። የምትቆረጠው ቦታ ታወቀች፤ ምልክት ተደረገባት። ሽቦው ትንሽ ፈቀቅ ሲል ጆሮ ፈገግ አለ።

«አሁን ምን ሰሙ?»

«ሴት ናት። እየሳቀች ስሜን ትጠራኛለች።»

«ያውቋታል?»

«ዶክተር፣ ለቀዶ ጥገናው ማንነቷ ያስፈልጋል?»

«አያስፈልግም። ይህን ቦታ አንቆርጠውም።»

«ኧረ እንዳትነኩብኝ!»

ፋሻው ተፈትቶ ሱቁን ሲከፍት የመጀመሪያዋን መኪና ይዤ የገባሁት እኔ ነበርኩ፤ የእህቴ ናት። ሚስቱ ወለል የምትጠርግ መስላ ቆማለች። ጆሮ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ መዘውሯን አዞረ። እንደገና አዞረ። መጥረጊያው ቆመ።

«ከሥር አንድ ብሎን ላልቷል» አለ።

ገለበጣትና ፈታት። ብሎኑ በጣቱ ተነቅሎ ወጣ። ሚስቱ እልል ልትል አፏን ከፈተችና እኔን አፍራ መሰለኝ፣ የጠረገችውን ቦታ ደግማ ጠረገች።

«በል እንግዲህ አንተ ጠይቅልኝ» አለችኝ። «እኔንማ "ነርሷ ናት" እያለ ያሾፍብኛል።»

ለእኔ ሰው መጠየቅ ጥርስ ከማስነቀል ይብሳል። ሆኖም ጠየቅሁ።

«ያቺ የሳቀችው ሴት ማን ናት?»

ጆሮ ሚስቱን አየ፤ እኔን አየ። ብሎኑን መልሶ አጥብቆ መኪናዋን አሸከመኝ።

«ከባድ ናት» አለ፣ «ደረጃው ላይ ቀስ በል።»