ወባ ነው ያልኩት ልጅ

ፎገራ ሜዳ ላይ በኅዳር የሚያስመልሰውን ሰው ሁሉ ወባ ይዞታል። ይህን ያስተማረኝ አገሩ ነው። ለማስተማር ከወሎ መጥቼ፣ እዚያው አግብቼ፣ ከወረታ ወጣ ብሎ በሜዳው መሃል ካለ ትምህርት ቤት ነው የምኖረው። በሩዝ አጨዳው ሰሞን ጠዋት ጠዋት ሲያስመልሰኝና ጉልበቴ ሲከዳኝ ወባ ነው አልኩ። ባሌም ወባ ነው አለ። አማቴም ከይፋግ ድረስ ነጭ ሽንኩርት ይዘው መጥተው ወባ ነው አሉ።

ወረታ ጤና ጣቢያ ደሜ ታየ፤ ወባ የለም። ባለሙያዋ "የወር አበባሽ መቼ መጣ?" ስትለኝ ተናደድኩ። እኔ ልሞት ነው፣ እሷ ስለ ወር አበባ! ሽንቴን ሰጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ውጪ ባጃጆች ይጮሃሉ፤ የሚኒባስ ረዳት "ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!" ይላል። ጠርታኝ በቀጭኗ ወረቀት ላይ ሁለት ቀይ መስመር ስታሳየኝ ደስ አላለኝም። ፈራሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ሊወለድ ጥቂት ሲቀረው ሆዴ ውስጥ ጸጥ አለ። ሲወለድም አላለቀሰም። ስለዚህ በዚህኛው ተጠነቀቅሁ። ልብስ አልገዛሁለትም፤ ስም አላሰብኩለትም። አንድም ቀን "ልጄ" አላልኩትም። ሰው "ስንት ወርሽ ነው?" ሲለኝ "እሱ ያውቃል" ብዬ አልፋለሁ፤ እዚያ አገር ወሯን የምትናገር ነፍሰ ጡር የለችምና የተቀየመኝ አልነበረም።

በሐምሌ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ሳይዘጋብኝ ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው የእናቶች ማቆያ ገባሁ። እንደኔው ከሜዳው የመጡ ሴቶች ነበሩ። ገንፎ እንበላለን፤ ልጁን ያንሸራትተዋል እየተባለ ተልባ እንጠጣለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። በመስኮቱ ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው፤ ሰማዩ መሬት ወርዶ፣ የሩዙ ቡቃያ ከደመናው ውስጥ የወጣ ይመስለኛል። በቀን ሕልም አያለሁ። አልጋዬ በውሃው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ልጁም ጎተራ እንደገባች ድመት ሲንጎዳጎድ እነቃለሁ። ሆዴን እይዛለሁ እንጂ አላናግረውም።

አንድ ቀን አዋላጇ ሰብስባ ስለ ምጥ አስረዳችን። መጀመሪያ የማህፀን አፍ ቀስ እያለ ይከፈታል፤ ረጅሙ እሱ ነው። ከዚያ ልጁ ይወርዳል፤ ግፉ ስትባሉ ብቻ ትገፋላችሁ። በመጨረሻ የእንግዴ ልጁ ይወጣል፤ እሱ ሳይወጣ ተገላገልኩ አይባልም። መምህር አይደለሁ? ሊጠይቁኝ ለመጡት አማቴ ይህንኑ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። ብዙ የወለዱ ሴት ናቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!" ብለው ቤቱን ሁሉ አሳቁብኝ።

ምጡ ሲመጣ አወቅሁት፤ ማወቁ ግን ምንም አላቀለለኝም። ወገቤን ይይዘኛል፣ ይለቀኛል። ሲለቀኝ እተኛለሁ፤ በዚያች ጥቂት ጊዜም ሕልም አያለሁ። አንድ ሰው ከሩቅ በታንኳ ይመጣል። ፊቱን ሳላየው ምጡ ይቀሰቅሰኛል። አዋላጇ በጣቷ ለክታ "ገና ነው፣ አልተከፈተም" ትላለች።

"ማነው ይህን በር የሚጠብቀው? ተኝቷል እንዴ?" ብዬ ጮህኩባት። ሳቀች፤ ይባስ ተናደድኩ። ውጪ አማቴና ሴቶቹ የታሰረ ነገር ምጥ ያዘገያል ብለው መቀነታቸውን ፈትተው "ማርያም! ማርያም!" ይላሉ።

ረፋዱ ላይ "በይ አሁን ግፊ" አለችኝ። ገፋሁ። ወጣ። ድምፅ ግን የለም።

አዋላጇ ጀርባውን በፎጣ ታሻለች፤ ያ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፍቷል። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠነቀቀው ለምኑ ነው? "ልጄ!" አልኩ። ጮህኩ። "ልጄ! ልጄ! እኔ ነኝ!"

መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ሳል ተሰማች። ከዚያ ለቅሶው መጣ፤ ቀጭንና የተቆጣ።

በአገሩ ደንብ ለወንድ እልልታው ይበዛል፣ ለሴት ያንሳል፤ ስለዚህ እልል ከማለት በፊት ይጠየቃል። አማቴ ሳይጠይቁ ጀመሩት። ማቆም እንቢ አሉ። ከሴቶቹ አንዷ "ኧረ እማማ፣ ስንት ልንል ነው? ወንድ ነው ሴት?" ስትላቸው በበሩ በኩል ሰማሁ።

"እኔ ምን አውቄ!" አሉ። "የሚያለቅስ ነው!"