ወለሉን ያረጠብኩት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ በየጾሙ ፊታቸው ስቆም አፌ ድረስ ይመጣና ተመልሶ ይገባል። እናንተ አታውቁኝም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ለእናንተ መናገር የደፈርኩት።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አነስተኛ የጽዳት ድርጅት አለኝ። ድርጅት ስል፣ ያኔ እኔና አልማዝ የምትባል ሠራተኛዬ ብቻ ነበርን። እንጀራችን ከአንድ የግል ክሊኒክ ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ውል ሲሰጡኝ ኢንሹራንስ እንድገባ አዘዙኝ፤ በእኛ የሥራ ጥፋት ሰው ቢጎዳ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ነው። ገባሁ። የኢንሹራንሱ ወኪል ሲያስፈርመኝ አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ፤ ሰው ከተጎዳ ሳልደብቅ፣ ሳልውል ሳላድር እንዳስታውቅ። እሺ አልኩት። ምን ይከብዳል ብዬ?

ክረምት ነበር። ጠዋት ጉሙ ከጮቄ ተራራ በኩል ወርዶ ከተማውን ውጦታል፤ የክሊኒኩ በር በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይገባል። አልማዝ አሟት ስለቀረች ኮሪደሩን ብቻዬን በሳሙና ውሃ ወለወልኩት። ነጩ ብርሃን ሴራሚኩ ላይ ሲተኛ ሐይቅ ዳር የቆምኩ መሰለኝ። ወለሉ እርጥብ መሆኑን የሚያስጠነቅቀውን ቢጫ ምልክት ከዕቃ ቤት አምጥቼ ማቆም ነበረብኝ። አላመጣሁም። መወልወያዬን ተደግፌ ፈዝዤ ቀረሁ። ምን እያሰብኩ ነበር? እስከ ዛሬ አላስታውስም።

አንዲት እናት ከጉሙ ውስጥ ወጥተው ገቡ። ጋቢ ተከናንበዋል፤ ኮንጎ ጫማ ተጫምተዋል። ኮቴያቸው አይሰማም፤ የሚንሳፈፉ ነው የሚመስሉት። አየኋቸው እኮ! ቆዩ ማለት እችል ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። እኔ ቃሏን ሳላወጣ እግራቸው ከዳቸውና በጎናቸው ወደቁ።

ሮጬ ደገፍኳቸው። ነርሷ ወጣች፤ የክሊኒኩ ባለቤትም ተከትለዋት መጡና ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝ። እኔ ምን አልኩ?

«ጫማቸው ጭቃ ነበረው፤ እሱ ነው ያንሸራተታቸው» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ፤ ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«አይ ልጄ፣ እንዲህ ያማረ ቤት አቆሸሽኩብሽ» አሉኝ።

ስማቸው ይታይሽ ነው፤ እማማ ይታይሽ። የመጡት ሮብ ገበያ ከምትባለው የገጠር ከተማ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሯል ተባለ፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄደው ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ተጻፈላቸው። ገበሬ ልጃቸው መጥቶ ለዚያ አቅም እንደሌለው አቀርቅሮ ተናገረ። ከዚያ ልጃቸውና አብረውት የመጡ ሰዎች አዝለው፣ ደግፈው ወደ አገራቸው መለሷቸው። እኔ ይህን ሁሉ የማየው መወልወያዬን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜ ነው። ኢንሹራንሱ የተገባው ለዚህ ቀን አልነበረም? ከኪሴ ምንም አይወጣም ነበር። ወለሉን ያረጠብኩት እኔ ነኝ፣ ምልክት ያላቆምኩትም እኔ ነኝ፤ ይህን ብል እማማ ይታይሽ ይታከሙ ነበር። ውሉን እንዳልነጠቅ ፈራሁ። ለዚህች ብዬ ዝም አልኩ።

ኢንሹራንሱ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ወኪሉ መጣ። የደረሰ ጉዳት እንዳለ ጠየቀኝ። ምንም የለም አልኩት። ደስ ብሎት አደሰልኝ። የክሊኒኩም ውል ታደሰ፤ ሌላም ሥራ ተጨመረልኝ፤ ጠንቃቃ ናት ተባልኩ።

አንድ ጊዜ ሮብ ገበያ ሄጃለሁ። የሄድኩት ልናገር ነበር። ገብሱ አሽቷል፤ ነፋሱ ሲያስተኛውና ሲያነሣው እያየሁ፣ እግሬ መሬት የማይነካ እየመሰለኝ፣ ሰው እየጠየቅሁ ቤታቸው ደረስኩ። እማማ ይታይሽ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ያለ ምርኩዝ መቆም አይችሉም። አወቁኝ። ጎረቤታቸውን ጠርተው «ስወድቅ ያነሣችኝ ልጅ ይቺ ናት» አሉ። እንዳልቀመጥ አፈርኩ፤ እንዳልሄድ እጄን ይዘውኛል። ከዚያ መረቁኝ።

«እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ ልጄ።»

እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። ልናገር የሄድኩት እኔ፣ ምርቃት ተቀብዬ ተመለስኩ። ከሁሉ የባሰው የትኛው ነው? ወለሉ? ውሸቱ? ወይስ ያ አሜን?

ጉሙ ነው ልል እችላለሁ። ብቻዬን ስለሆንኩ ነው፣ ልጆች ስላሉኝ ነው ልል እችላለሁ። አልልም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የወደቁት እናንተ አይደላችሁም። እማማ ይታይሽ በሕይወት አሉ። ሮብ ገበያም ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት የሄደ ከሰዓት ይመለሳል። እኔ ግን እስካሁን ተመልሼ አልሄድኩም።