ለፊታውራሪ ሚስት ፍለጋ

ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ሚኒያፖሊስ ፊሊፕስ ሰፈር፣ ከእኔ አፓርትመንት ፊት ለፊት አንድ ፊታውራሪ ይኖሩ ነበር። መሬታቸው ተወርሶ የቀራቸው ባለ አንድ መኝታ ቤትና ከአገር ቤት ተከትሏቸው የመጣው የእልፍኝ አሽከራቸው ጋሽ ማሞ ነበር። ጋሽ ማሞ ኤርፖርት ጽዳት ይሠራል፤ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ግን የጌታውን ካራቫት ያስራል።

እኔ ከራሴ በስተቀር የሰው ሁሉ ትዳር የሚያሳስበኝ አዋቂ ነኝና የፊታውራሪ ብቸኝነት አንጀቴን በላው። ሌክ ስትሪት ሱቅ ያላቸውን፣ ባላቸው የሞቱባቸውን ወይዘሮ አስካለን በታክሲዬ ራይድ ሰጥቼ ይዣቸው ሄድኩ።

ጋሽ ማሞ ሻይ ቀዳልን። ፊታውራሪ ወደ ስኳሩ እጃቸውን ሲሰዱ ዕቃውን አነሳባቸው። ከዚያ ሹራብ አምጥቶ ያለብሳቸው ጀመር።

"ሞቆኛል እኮ አንተ!"

"ትናንትም እንዲሁ ብለው ሲያስሉ አደሩ።"

ጨዋታው ሳይበላሽ ብዬ ቸኮልኩና "ፊታውራሪ፣ ለምን ሚስት አያገቡም?" አልኳቸው።

ጋሽ ማሞ ሹራቡን ትቶ ሻይ ልድገም ሲል ትኩሱን በገዛ እጁ ላይ አፈሰሰው። የገዛ ጫማቸውን አስረው የማያውቁት ፊታውራሪ ብድግ ብለው እጁን በሐር መሐረባቸው ይጠርጉለት ጀመር።

"ተቃጠልክ እንዴ፣ ሆዴ? የትም አልሄድም እኮ።"

እኔ ብልሁ "እንዴት ያሉ ደግ ጌታ ናቸው!" ብዬ ተደነቅሁ።

ስንመለስ ወይዘሮ አስካለ ታክሲው ውስጥ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

"ስማ" አሉኝ፣ "ሁለተኛ ባለትዳር ቤት እንዳትወስደኝ።"