የማርያም የተባሉት ባሕር ዛፎች

አማቴ አቶ ደምሴ መንገድ ላይ ሰላም ያላቸውን ሰው እንኳ ዞረው «ምን ፈልጎ ነው?» የሚሉ ናቸው። ክፉ ሆነው አይደለም። አባታቸው «ለምዝገባ ነው» ተብለው በፈረሙበት ወረቀት መሬታቸው ተቆርሷል። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ በጎቹን ወደ ጓሮ ያሸሻሉ። እኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ዓመት፣ ብርድ ልብስ ሊያድሉ ለመጡ መዝጋቢዎች «ሁለት ነን» ብለው ስድስታችን በሁለት ብርድ ልብስ ከረምን።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። በመንገዱ በኩል ልጄ ፋሲካ በተወለደች ዓመት አማቴ የተከሏቸው ባሕር ዛፎች ነበሩን። በእነሱ ሰፋ ያለ ቤት ልንሠራ፣ አንዱ ክፍል ወደ መንገዱ ተከፍቶ እኔ ዳቦና ሻይ ልሸጥበት ተስማምተን ነበር።

አንድ ማክሰኞ እፀገነት የምትባል ወጣት መዝጋቢ መጣች።

«አባቴ፣ ይህ ዛፍ የማን ነው?»

«ምን ሊሆን ነው?»

«መንገዱ ሊሰፋ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በእኛ በኩል አልፎ፣ ሱዳንን አቋርጦ ቻድ የሚደርስ መንገድ ነው።»

«ቻድ ያለ ሰው ማለፊያ አጥቶ በኔ ደጅ?»

ልጅቷ ሳቀች። «እኔ የጠየቅሁዎት ዛፉን ነው።»

አማቴ እጃቸውን ማዶ ወዳለው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘረጉ። «የማርያም ነው።»

«አባባ…» አልኩ።

«አንቺ ትእዛዝ፣ ዝም በይ።»

የታቦት ከተባለ ማንም አይደፍረውም ብለው ነው። እፀገነት ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለች። «ጥሩ። የግል ቢሆን ማሽኑ ሳይመጣ ቆርጠው ይወስዱት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ግን ራሱ ቤተ ክርስቲያኑ ይቆርጣል። ቤቱ የእርስዎ ነው አይደል? አሥር ሜትር ወደ ኋላ ይዛወራል።»

እሷ እንደሄደች «ይሮጡና ተሳስቻለሁ ይበሏት» አልኳቸው።

«በማርያም ስም ተናግሬ?»

እኛ ዘንድ ለታቦት ነው የተባለን ነገር መልሶ መውሰድ ያስፈራል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብጨርስም እኔም እፈራለሁ። ቢሆንም እየጎተትሁ ወደ ቄስ ሙላቴ ወሰድኋቸው።

ቄሱ ጉዳዩን ሰምተው በጎሪጥ አዩዋቸው። «ደምሴ፣ ማርያም ዛፍ የተከለችው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከማክሰኞ ወዲህ ነው አባ።»

«ከመንገዱ ሰዎች ጋር እኛን ልታጣላን አስበህ እንዳይሆን።»

«የለም አባ፣ ፈርቼ ነው።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «እንግዲያው ይመለስልኝ ካልህ ለሰበካ ጉባኤው አቀርበዋለሁ። ትላለህ?»

አማቴን በዓይኔ ለመንኳቸው። መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆይተው «አልልም» አሉ። መስቀል ተሳልመው ወጡ።

ዛፎቹ ተቆርጠው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሆኑ። እኛ አሮጌውን ቤት አፍርሰን በራሱ እንጨት ሠራን። የቋሚዎቹ ሥር በስብሶ ስለነበር ግማሹ ለማገዶ ሆነ፤ ሦስት ክፍል የነበረው ቤት ሁለት ወጣው። ሳይሠራ የቀረው ለሻይ የታሰበው የኔው ክፍል ነው። አኩርፌ ሰነበትሁ፤ በኋላ ግን በመንገዱ በኩል መስኮት አስከፍቼ፣ ሥሩ ጣውላ አስመትቼ ዳቦና ሻይ ጀመርሁ። በኔ ሐሳብ ከጅቡቲም ይምጣ ከቻድ፣ መንገደኛ ይርበዋል።

ባለፈው ሳምንት አነስተኛ ነጋዴ የሚመዘግብ ሰውዬ መጣ። አማቴ ደጅ ላይ ነበሩ።

«ይህ መስኮት የማን ነው?» አላቸው።

አማቴ ወረቀቱን አዩ፣ ሰውዬውን አዩ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም አንዴ አየት አደረጉ።

«እሷን ጠይቅ» ብለው ገቡ።

ስናገር ጥላቸው ከበሩ ኋላ አልተነቃነቀም። ሰውዬው እንደሄደ ብቅ አሉ።

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«የትእዛዝ ነው ብሎ።»

«አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

የሰጠኝን ቅጂ ከእጄ ወስደው ገልብጠው ጀርባውን አዩት፤ ባዶ ነው። መልሰው ሰጡኝ።

«እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ» አሉ።