የሦስት ቪዲዮ ቤቶች ዜና አንባቢ

ከወገቤ በላይ ጋዜጠኛ ነበርኩ። ከወገቤ በታች የቤት ሱሪና ነጠላ ጫማ ያደረገ የነፋስ ስልክ ሰው። ካሜራው የሚያየኝ እስከ ሦስተኛው የጃኬት ቁልፍ ድረስ ስለሆነ፣ ከጃኬቱ ጋር የሚሄድ ሱሪ ማሰፋት ከንቱ ወጪ ይመስለኝ ነበር። ካሜራውን ይዛ የምትቀርጸኝ ባለቤቴ ጸደንያ ናት። ሙሉውን ሰውዬ የምታየው እሷ ብቻ ነበረች፤ በጋዜጠኝነቴ አንድም ቀን ያላመነችው ለዚህ ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ መዝገቡ ሠርግ የምቀርጽበት አንድ የቪዲዮ ካሜራና ስምንት አግዳሚ ወንበር የሚይዝ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ያኔ ቪዲዮ ቤት በየሰፈሩ እንደ አሸን ፈልቶ ነበር፤ ሰው በር ላይ ከፍሎ ይገባና በአንድ ቴሌቪዥን የህንድ ወይም የካራቴ ፊልም አይቶ ይወጣል። አንድ እሁድ የፊልሙ ካሴት ዴኩ ውስጥ ተጠምጥሞ ቀረ። ሰው ገንዘቤን መልስ ማለት ሲጀምር ደንግጬ፣ ጠዋት የቀረጽኩትን የነፋስ ስልክና የጎፋ የእግር ኳስ ጨዋታ ከተትኩ። አጥቂያችን ባዶ ጎል ላይ ኳሱን ሰማይ ሲሰድደው ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ አጥቂው ራሱ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ከፊልሙ በፊት አሥር ደቂቃ የሰፈር ዜና ማቅረብ ጀመርኩ። የአገሩ ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ እሱ የዓለሙን ሁሉ ያወራል። የቦኖ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ የማን ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንዳለፈ፣ የማን ዶሮ ማን ግቢ እንደገባች የሚያውቀው ግን መዝገቡ ነው። «የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን» ብዬ ስጀምር ድምፄን አጎረንነው ነበር። ተመልካቾቼ አርባ ቢሆኑ ነው፤ ግማሾቹን በቅጽል ስማቸው እጠራቸዋለሁ። ካሴቱ ሲታይ እኔ ራሴ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እጆቼን አጣምሬ እቆማለሁ። ሰው አንዴ እኔን አንዴ ስክሪኑን ያያል፤ እኔ ይህን አድናቆት ብዬ ተረጎምኩት።

ከሁሉም አንድ ደህና ልማድ ነበረኝ። ስለ እሱ ግን ኮርቼ አላውቅም። ቁልፉን ከመጫኔ በፊት አግዳሚዎቹን አያለሁ፤ ማን መጥቷል፣ ማን ከማን ተጣልቷል፣ ማን ምን አልሰማም። አንድ ረቡዕ የአንድ ሰው የቀብር ሰዓት ዜናዬ ውስጥ ነበር። ካሴቱን ካስጀመርኩ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ሀና ዘግይታ ገብታ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። ሟቹ አጎቷ ናቸው፤ እንዳልሰማች ከፊቷ ያስታውቃል። ድምፁን ለመቀነስ ብሯሯጥ ቁልፉ ጠፋኝ፤ በመጨረሻ ጃኬቴን እንደ መጋረጃ ዘርግቼ ስክሪኑ ፊት ቆምኩና ያዙኝ ልቀቁኝ የሚል ሳል ሳልኩ። ሰው ሰደበኝ። ሀናን በማግስቱ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ሄደው፣ አስቀምጠው፣ በወጉ አረዷት። አርባው ሲወጣ ከጀርባዬ የሚሰቀል አረንጓዴ መጋረጃ ሰፍታ በነፃ ሰጠችኝ። እኔ ግን መጋረጃውን ለዜና አንባቢነቴ የተሰጠ ሽልማት አደረግኩት።

በሰማንያ ስምንት መጨረሻ አቶ ቸኮል መጡ። ካሴት አከራይ ነበሩ። የጎፋውን ቪዲዮ ቤት ገዝተዋል፤ ለቡ መውጫ ላይ የግንባታ ሠራተኛው የሚያዘወትረውንም ገዝተዋል። ኬክ ቤት ወስደው ማኪያቶ ጋበዙኝ። እኔ ስለ ዋጋ ለመከራከር ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ እኔ ማውራት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ድምፅ በአንድ ሰፈር መቅረቱ ያሳዝናቸዋል አሉኝ። ሦስቱ ቤቶች አንድ ዜና፣ በአንድ ሰዓት፣ ልክ እንደ ትልቁ ጣቢያ። እኔ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ቪዲዮ ቤቴን ሸጥኩ።

ለጸደንያ ማታ ነገርኳት። «ለቡ ማንን ታውቃለህ?» አለችኝ።

«እነሱ ያውቁኛል» አልኳት። ይህን ያልኩት ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ከሰዓት በኋላ እቀረጻለሁ፣ በሁለት ዴክ ሦስት ኮፒ እናወጣለን፣ ሁለቱ በሚኒባስ ወደ ጎፋና ወደ ለቡ ይላካሉ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሦስቱም ቤት እኩል ይጀምራል። በሌሎቹ ቤቶች አቶ ቸኮል የቀጠሯቸው ሠራተኞች ቁልፍ ይጫናሉ፤ ከተጫኑ በኋላ ወደ በሩ ተመልሰው ቲኬት ይቆርጣሉ። አሥራ ሁለት ሰዓት በሆነ ቁጥር ፊቴ በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ እንደሚታይ ሳስብ ልቤ ያብጥ ነበር።

ችግሩ ዜናው ነው። የእኛን ቦኖ ሳወራ ጎፋዎች ያፏጫሉ። የጎፋን ኳስ ሳሳይ የእኛ ሰዎች ጀርባቸውን ይሰጡኛል። የለቡ ሠራተኛ ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ነው፤ የማንም ዶሮ ብትጠፋ ግድ የለውም። አቶ ቸኮል ለሦስቱም የሚሆን አምጣ አሉኝ። ኳሱን ቆረጥኩ፣ ዶሮውን ቆረጥኩ፣ ያለፉ ተማሪዎችን ስም ቆረጥኩ። አሥሩ ደቂቃ አምስት ሆነ፤ ከአምስቱ ሁለቱ የአቶ ቸኮል ካሴት ማስታወቂያ። የቀረውን ምን እንደምሞላበት አጥቼ ስጨነቅ አንድ ነገር ታየኝ፤ ሞት። ሰው በማያውቀው ሰው ሞት እንኳ ዝም ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ጎፋም ለቡም ፉጨቱን ያቆማል። አቶ ቸኮልም ሐሳቡን ወደዱት፣ በተለይ ከእድሩ ጥሩምባ ቀድመን ከተናገርን።

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ወጋየሁ ናቸው። ሰው ሲሞት ንጋት ላይ በየመንገዱ እየነፉ ቀብሩን የሚለፍፉ እሳቸው ነበሩ። ይህን ሥራዬን ሰምተው አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ጥሩምባውን ከማንሳቴ በፊት ማን እንዳልሰማ ጠይቄ ነው አሉኝ፤ ያልሰማ ዘመድ ካለ ሽማግሌ እስኪሄድለት እጠብቃለሁ፣ አንተስ ማንን ትጠይቃለህ አሉኝ። አግዳሚውን አያለሁ አልኳቸው አፌን ሞልቼ። እንጀራቸውን ስለነካሁባቸው ቅናት ይዟቸዋል ብዬ ለጸደንያ ነገርኳት። ጥሩምባ ነፊ በዜና አንባቢ ሲቀና አስቡት።

ግንቦት ሰማንያ ዘጠኝ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ ሮበሌ ሆስፒታል እንደተኙ ማረፋቸውን ከጎረቤታቸው ሰማሁ። የዱቄት ፋብሪካ ጡረተኛ፣ የተከበሩ የሰፈራችን ሰው ነበሩ። ጋሽ ወጋየሁን ልጠይቅ አሰብኩ። ከጠየቅኩ ግን ቆይ ይሉኛል፤ ከቆየሁ ደግሞ ጥሩምባው ይቀድመኛል። ስለዚህ ሳልጠይቅ ጃኬቴን ለበስኩ። መጋረጃው ፊት ተቀምጬ፣ ሐዘን የሚመስል ፊት ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስተኛውን አስቀረጽኩ። ጸደንያ ካሜራውን አጥፍታ ልጃቸው የት ነው ስትለኝ ካሴቶቹን ለሚኒባሱ ረዳት እያስረከብኩ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነፋስ ስልክ በቤቴ፣ ማለቴ በአቶ ቸኮል ቤት፣ እንደ ልማዴ አግዳሚዎቹን አየሁ። በባትሪ ጭምር ነው ያየሁት። ከአቶ ሮበሌ ቤት ማንም የለም። ኅሊናዬ ንጹሕ ሆኖ ቁልፉን ተጫንኩ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ፤ ማስታወቂያው ታየ፤ ፊልሙ ተጀመረ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ በሩ ላይ አየር ልወስድ ስወጣ ኢያቄም ቆሟል። የአቶ ሮበሌ የመጀመሪያ ልጅ፣ ግንበኛ። እጁ ላይ ሲሚንቶው አልታጠበም። የመጣው ከለቡ ነው፤ ለቡ ቤት ተከራይቶ እየሠራ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

«ጋሼ መዝገቡ፣ አባቴ ሞተ እንዴ?» አለኝ።

ክው አልኩ። በእኛ ወግ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ማንም ሳይጠይቅ በፊት ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ሄደው፣ በሩን ቀስ ብለው አንኳኩተው፣ ሰውየውን አስቀምጠው፣ በግራ በቀኝ የሚይዘው ጠንካራ ሰው አዘጋጅተው ነው የሚያረዱት። ለኢያቄምም እንዲሁ ታስቦለት ነበር። እነ ጋሽ ወጋየሁ ለእሁድ ንጋት ሚኒባስ ተኮናትረው፣ የአቶ ሮበሌ ሚስት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልጄ ሳይሰማ ብለው ለቅሷቸውን በነጠላቸው አፍነው ቤታቸው ቁጭ ብለው ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የማውቀው ከላይ በጃኬት ከታች በነጠላ ጫማ እዚያ በር ላይ መቆሜን ብቻ ነው።

ለምን መጀመሪያ ቤት እንዳልሄደ ነገረኝ። ውሸት ከሆነ እናቴን አስደነግጣለሁ፣ የተናገሩት እርስዎ ስለሆኑ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው አለ። አክብሮኝ ነው የመጣው። በሕይወቴ እንደ ጋዜጠኛ ቆጥሮ ምንጭ ያደረገኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

«አዎ» አልኩት።

አልጮኸም። ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። «የአባቴን ስም ስሰማ ተነሳሁ። ከኋላ ያሉት ቁጭ በል፣ ጋረድከን አሉኝ። ፊልሙ ሊጀምር ነበር።»

ለሀና በጃኬቴ ስክሪን የጋረድኩት ሰውዬ የት እንደሄደ ያኔ ነው የጠየቅኩት። የሦስት ሰፈር ሰው ሊያየኝ ሲል፣ እኔ የማየው ሰው ወደ አንድ ሦስተኛ ወርዶ ነበር። አፈርኩ። ኢያቄምን ደግፌ የአባቱ ቤት አደረስኩት። ጋሽ ወጋየሁ አጥሩ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጁን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ገባቸው። ልጁን ከእጄ ተቀብለው ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ለድንኳኑ ወንበር አነሰ። እድሩ ሁልጊዜ ከእኔ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ይወስድ ነበር፤ አሁን ግን አግዳሚዎቹ የአቶ ቸኮል ናቸው። ልጠይቃቸው ሄድኩ። እሁድ ዋናው የሥራ ቀናችን ነው፣ ሰው ቆሞ ፊልም አያይም አሉኝ። ተመልሼ ስምንቱንም አግዳሚ አንድ በአንድ ተሸክሜ ድንኳኑ ውስጥ አስገባሁ። በሦስተኛው ላይ ነጠላ ጫማዬ ተበጠሰና ቀሪውን በባዶ እግሬ ጨረስኩት። ሥራ አስኪያጅነቴም በዚያው ቀን አለቀ።

አቶ ቸኮል ሌላ ዜና አንባቢ ቀጠሩ። ሙሉ ልብስ የሚለብስ ነው ተባለ። ጥቂት ወር አንብቦ ተወው፤ ማስታወቂያው ብቻ ቀረ። ሦስቱ ቤቶች አንድ ፊልም በአንድ ሰዓት ያሳያሉ፤ ነፋስ ስልክ ዶሮ የጠፋበት ሰው ወረቀት ጽፎ የመብራት እንጨት ላይ ይለጥፋል። እኔ ወደ ሠርግ ቀረጻዬ ተመለስኩ። ጸደንያ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች፤ ስኳር ጨርሰናል ለማለት እንኳ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ዞር ዞር ብዬ አያለሁ።

በዘጠና አንድ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አረፉ። ኢያቄም ያኔም ለቡ ነበር። ማታውን ጋሽ ወጋየሁ ቤቴ መጡና ነገ ሳይነጋ አብረኸን ትሄዳለህ አሉኝ። እኔን ለምን አልኳቸው። መንገዱን ታውቀዋለህ አሉኝና ወጡ።

ሀና ከጃኬቱ ጋር የሚሄድ ሱሪ ሰፍታልኝ ነበር፤ እሱን ለበስኩ፣ የተዘጋ ጫማ አደረግኩ። አምስት ሆነን በሚኒባስ ሄድን። እኔ ከሁሉም ኋላ ቆምኩ፤ ነገሩን የሚናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በሩ ሲንኳኳ ኢያቄም ፋኖስ ይዞ ከፈተ። ዓይኑ ሽማግሌዎቹን አልፎ እኔ ላይ ቆመ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዜና አንብቤ፣ ከሁሉ ይልቅ የተሰማሁት ያለ አንዲት ቃል በዚያች ንጋት ነው።

«ጋሼ መዝገቡ፣ ዛሬስ ራስዎ መጡ» አለኝ።

ከዚያ ፋኖሱን አስቀምጦ ጮኸ። በግራ በኩል ጋሽ ወጋየሁ ያዙት፤ በቀኝ በኩል የያዝኩት እኔ ነበርኩ።