እንዶድ የተቀባ ፎርማ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በነበረ ጊዜ ለወታደር ጫማ የጎማ ታኮ የሚሠራ ቤት ነበር። ሠራተኞቹ እኔና አንድ ዲያቆን ነን። ባለቤቱ ጣሊያን ነው፤ ወታደር አይደለም፣ ግን እንደ ወታደር ያዛል። እዚያ የሚሠራ ሰው ለመንገድ ሥራ ስለማይታፈስ ቤቱን እየጠላን እንሠራለን። እኔ ለመምህሬ አፍ መልሼ ከቅኔ ቤት የተባረርኩ ነኝ። ዲያቆኑ ግን እሑድ እሑድ ቅዳሴ ይገባል፤ ለሱ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም።

ጥሬውን ጎማ የጋለ የብረት ቱቦ ውስጥ እንከተዋለን። ከኋላ ትልቁን ብሎን ስናዞረው ጎማው እየተገፋ የታኮ ቅርጽ የተቀረጸበት የብረት ፎርማ ውስጥ ይገባና እዚያው ይበስላል። ሰው ጎማ ሲሞቅ እንደ ማር የሚፈስ ይመስለዋል። የታባቱ ይፈስና። ዳር ዳሩ ብረቱን ሙጭጭ ይላል፣ መሀሉ ብቻ ይቀድማል። ስትጨክንበት ድንገት ብረቱን ለቆ ይንሸራተታል፣ ደግሞ ይይዛል፣ ደግሞ ይለቃል። እንዲህ እየሆነ የወጣ ታኮ ፊቱ ጎርፍ የበላው ማሳ ነው የሚመስለው።

እንዳይዝ ብለን ብረቱ ላይ ነጭ ዱቄት እንነሰንስ ነበር። አርበኞች የአዲስ አበባን መንገድ ሲዘጉ ዱቄቱ ቀረ። ጣሊያኑ በጣሳ የሆነ ቅባት አምጥቶ ከዛሬ ጀምሮ ይኼን ቀቡ አለ።

"ምንድን ነው?" አለኝ ዲያቆኑ።

"የአሳማ ሞራ።"

እጁን ወደ ኋላው አደረገ። "ይኼን ነክቼማ መቅደስ አልገባም።"

"እኔ ልቀባዋ። እኔን እንደሆነ መቅደስ የሚያስገባኝ የለም።"

"ብሎኑን አብረን አይደል የምናዞረው? ያንተ እጅ የነካውን የኔም ይነካዋል።"

"እንግዲያ ሂድና ድንጋይ ፍለጥ። ድንጋይ ይጾማል።"

"አፍህንስ ማን ቀብቶልህ ነው እንዲህ የሚያዳልጥህ?" አለኝ።

ያን ቀን ምንም ሳንቀባ ሠራን። ታኮው ሁሉ ተቦጫጭቆ ወጣ። ጣሊያኑ አንዱን አንስቶ ግድግዳ ላይ ወረወረውና፣ ነገም እንዲህ ከሆነ ሁለታችሁም መንገድ ሥራ ትወርዳላችሁ አለን።

በነጋታው ዲያቆኑ የተወቀጠ እንዶድ ይዞ መጣ። ነጠላ የሚያጥብ ይመስል በውሃ በጠበጠው፣ አረፋው እስኪገነፍል መታው፣ ፎርማውንም ቱቦውንም አለበሰው። ብሎኑን ስናዞር ጎማው ምንም ሳይዝ ሽው ብሎ ገባ። ደስ አለን። ስንከፍተው ታኮው እንደ ጨርቅ ታጥፏል፣ ጠርዙ አልሞላም፣ ሆዱ አየር ነው። ለካ ጭራሽ ካልያዘም ጥግ ጥጉን ሳይሞላ ያልፋል።

"አጠብከው እኮ፣ ታኮ ነው እንጂ ነጠላ አይደለም" አልኩት።

 እንዶዱን አቀጠነ፣ ብረቱ ላይ በስሱ ቀብቶ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ በጨርቅ ወለወለው። ብሎኑን ቀስ አድርገን አዞርን። የወጣው ታኮ ጠርዙ ሙሉ፣ ፊቱ ልሙጥ። ሌላ ሠራን፤ እሱም እንዲያው።

ጣሊያኑ መጥቶ አገላብጦ አየው፣ አሸተተው። ጣሳውን ሲያይ ሞራው አልተነካም።

"እኔ ምን ነበር ያዘዝኩት?" አለ።

የሱን ቋንቋ ትንሽ ስለማውቅ ታኮው እኮ ጥሩ ነው አልኩት። ታኮው ጥሩ መሆኑን አይቻለሁ አለ። ጣሳውን ወስዶ ዲያቆኑ ደረት ላይ አስደገፈው። "ንካ።"

ዲያቆኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ነጠላውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፣ ተከናነበ፣ ወጣ። ጣሊያኑ ጣሳውን መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ሞራ የሚባል ነገር አላነሳም። እኔ በእንዶድ መሥራቴን ቀጠልኩ፤ እንዶድ ሲያልቅም ከገበያ አስመጣ የሚለው ራሱ ነው። ብናገር ድንጋይ እንደምፈልጥ ስለማውቅ ብሎኔን አዞርኩ።

በኋላ ታኮ የጫነ ካሚዮን ላይ ተሳፍሬ ስሄድ ሉማሜ አጠገብ መንገድ የሚሠሩት ዘንድ ቆምን። እሱም እዚያ ነበር፣ ጸጉሩ አቧራ በአቧራ ሆኖ። ከኛ ቤት ከወጣ በኋላ አፍሰውት፣ በዚያው ቀን ነው ወደዚያ ያመጡት።

"ማነው የሚቀባው አሁን?" አለኝ።

"እኔ።"

"በእንዶድ?"

"በእንዶድ።"

"አድርቀህ ነው?"

"አድርቄ ነው።"

"ጥሩ" አለና መዶሻውን አነሳ። እሑድ የት እንደሚቀድስ ጠየቅኩት።

"እሑድም ያሠሩናል" አለኝ።