ቀበቶውና ድንጋዩ

ድንቅቱ ፈይሳ የአምቦ ልጅ ናት። ጊንጪ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና ስትሠራ፣ ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ «ድንቅቱ የለችም ወይ?» ብላ ነበር የምትገባው። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ታናሽ ወንድሟን ለሊሳን ያሳደገችው እሷ ናት። ለሊሳ ጉልበቱ የበሬ፣ ንዴቱ የክብሪት ነው። ጠብ ሲያምረው «ተው» ብላ የምትመልሰው እሷ ብቻ ነበረች።

በ2011 ዓ.ም.፣ በጥር ወር፣ ለሊሳ ኤቢሴ የምትባል ልጅ ሊያገባ ሽር ጉድ ይባል ነበር። አንድ ቅዳሜ እህትና ወንድም የሰርጉን አስቤዛ ከአምቦ ገበያ ሸምተው አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ሲጠብቁ፣ ለሊሳ የረሱትን በርበሬ ሊያመጣ ወደ ገበያው ተመለሰ። ድንቅቱ ከዘንቢሎቹ ጋር ቀረች።

ከጉደር በኩል በቆሎ የጫነ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ታምራት ይባላል። ከባኮ ተነስቶ ጉደር ላይ ምሳ ልብላ ብሎ ወርዶ፣ ምሳውን ትቶ አረቄ ሲገለብጥ ቆይቷል። መኪናው መስመሩን ለቀቀና መንገድ ዳር የቆመ ጋሪ ከነፈረሱ ጨፈለቀ። ፈረሱ እንደ ሰው ጮኸ። ድንቅቱ ዞር አለች፤ ለመሮጥ ግን ጊዜ አላገኘችም። የፊት ጎማው ግራ እግሯ ላይ ወጥቶ አለፈ፤ መኪናውም ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላትሞ ቆመ።

የአጥንቷን መሰበር በጆሮዋ ሰማችው። ሕመሙ ግን ወዲያው አልመጣም። ቀድሞ የመጣው ደሙ ነው፤ ከጉልበቷ በታች በልቧ ምት ልክ እየዘለለ ይረጫል። ደም የምታውቅ ሴት ናትና እንዲህ የሚፈስ ደም ፋታ እንደማይሰጥ ገባት።

ታምራት ከጋቢናው ወደቀ ቢባል ይሻላል፤ ወረደ አይባልም። በጉልበቱ ድሆ አጠገቧ ደረሰ።

«ኧረ ጉዴ ፈላ! ገደልኩሽ እህቴ!» አላት። የአረቄው ትንፋሽ ፊቷን ገረፋት።

«ቀበቶህን ፍታ!»

«ምን?»

«ቀበቶህን! ከጉልበቴ በላይ እሰረው! አጥብቀው!»

ፈታው። ጭኗ ላይ ጠምጥሞ፣ በጉልበቱ ተጭኖ፣ በሁለት እጁ ጎተተው። ደሙ መዝለሉን አቆመ።

ለሊሳ የደረሰው ይሄኔ ነው። በርበሬው ከእጁ ወደቀ። ያየው እህቱን በደም ተነክራ፣ አንድ ሰው በላይዋ ተንበርክኮባት ነው። አልጠየቀም። ከመንገዱ ጠርዝ የተነቀለ ድንጋይ በሁለት እጁ አነሳ።

«ለሊሳ፣ ተው! እያዳነኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

አልሰማትም። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ታምራት ቀበቶውን ሳይለቅ ቀና ሲል ሁለተኛው ግራ ዓይኑን አገኘው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ተረባረበ፤ ዱላ የያዘ በዱላ፣ ያልያዘ በእርግጫ። አንዱ «መኪናውን አቃጥሉት!» ይላል፤ ሌላው ጎማው ሥር ጭድ ይጎዘጉዛል። ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ነው ሰውየውን ከእግር ሥር ያወጣው።

የድንቅቱ እግር ተቆረጠ። የታምራት ዓይን ወጣ። በዚያ ግርግር ሰውየውን ለማትረፍ ሲሯሯጡ፣ የጠጣውን ለማወቅ ደሙን የመረመረ አልነበረም።

ታምራትን በመምታት ተይዞ የነበረው ለሊሳ በዋስ ሲለቀቅ ሽማግሌ ወደ ቤታቸው መጣ። ከጎረቤታቸው ከኦቦ ጀቤሳ ጋር አብሮ የገባው የመኪናው ባለቤት አቶ ዘሩባቤል ነበር፤ የአምቦ እህል ነጋዴ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ሰው።

«ሲስተር ድንቅቱ፣» አለ፣ «የሆነው ሆኗል። ሰክሮ ነበር ካልሽ ኢንሹራንሱ ለአንቺ የከፈለውን መልሶ ከእኛ ይጠይቃል። ፍሬን እምቢ ብሎት ነው በይልኝ። ታምራትም የመታኝን ሰው አልለየሁትም ይላል።»

ኦቦ ጀቤሳም፣ «ልጄ፣ ወንድምሽ ሙሽራ ነው። እስር ቤት ይዳር?» አላት።

እሷ ሳትመልስ ለሊሳ የተቀመጠበትን ዱካ አንስቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። አቶ ዘሩባቤልን አንገቱን አንቆ በሩ ላይ አጣበቀው።

«እግሯን ቆርጣችሁ አልበቃችሁም? አሁን ደግሞ ምላሷን?»

«ለሊሳ! ልቀቀው!» አለች ድንቅቱ።

ለቀቀው። ሰዎቹ ሲወጡ ድንቅቱ ክራንቿን ተደግፋ ቆማ፣ «ፍሬን ነው አልልም። ሰክሮ ነበር እላለሁ» አለች።

«እንዲህ ነው እንጂ፣ ኦቦሌቲ ኮ! እህቴ!»

«ስለ አንተ ከጠየቁኝም ያየሁትን እናገራለሁ።»

ለሊሳ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ።

በሁለቱም ክስ ለምስክርነት ተጠራች። በታምራት ጉዳይ ዘሩባቤል የቀጠረለት ጠበቃ፣ «ሳይመረመር መስከሩን በምን አወቅሽ?» ሲላት፣ «ፊቴ ላይ ተንፍሷል» ብላ መለሰች። ማንም ሳይጠይቃትም ጨመረች፦ «ግን ቀበቶውን ያሰረልኝ እሱ ነው። ባያስርልኝ ዛሬ እዚህ አልቆምም።» ችሎቱ በኦሮምኛ ነበርና አስተርጓሚው ይህን ወደ አማርኛ ሲመልስለት ታምራት የቀረችውን ዓይኑን በክርኑ ሸፈነ።

በለሊሳ ጉዳይ ዐቃቤ ሕጉ፣ «ዓይኑን በድንጋይ የመታው ማን ነው?» አላት።

ዳኛው ጥያቄውን ደገሙላት።

«ወንድሜ ነው። ተው ብዬው ነበር።»

ለሊሳ አግዳሚውን በእግሩ ገልብጦ ተነሳ። «እናቴ ብዬሽ! እናቴ ብዬሽ!» እያለ ሲወራጭ ፖሊሶች መሬት ላይ አጋድመው ያዙት። እሷም እዚያው እንደቆመች ክራንቿ ከብብቷ ተንሸራቶ ወደቀ። ማንም አላነሳላትም።

ታምራት ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱም ተነጠቀ። አቶ ዘሩባቤል «መሪውን አልጨበጥኩ» ቢልም፣ የመኪናው ባለቤት ነህ ተብሎ በካሳው ኃላፊ ሆነ፤ የፈራው የኢንሹራንስ ጥያቄም አልቀረለትም። ለሊሳ እህቱን በዚያ ሁኔታ አይቶ መቆጣቱ ቅጣቱን አቀለለት እንጂ ከእስር አላዳነውም። ከኤቢሴ ጋር የታሰበው ሰርግ ቀረ። ዘመድ ድንቅቱን ሲያይ መንገድ ይሻገር ጀመር፤ «ወንድሟን ለሰካራም ሸጠች» አሏት። አንዲት አክስቷማ ደጇ ድረስ መጥታ ተፋችባት።

ሰው ሠራሽ እግር አስገጥማ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ምግብ ይዛ ወደ እስር ቤቱ ትሄዳለች። ለሊሳ ምግቡን ይቀበላል፤ እሷን ለማየት ግን አይወጣም። ይህን እያወቀችም መሄዷን አልተወችም።

ክረምቱ ሲገባ አንድ እሁድ ወጣ። ከስቷል፤ ጢሙን አሳድጓል። በአጥሩ ማዶ ቆሞ እግሯን አየ።

«ያምሻል?»

«ያለው አያመኝም። የሌለው ነው የሚያመኝ።»

ታምራትም የታሰረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሊሳ ውኃ መቅጃው ጋ ጠብቆ አንቆት፣ ጠባቂዎች ነበሩ ያላቀቁት።

«ያ ሰውዬ ትናንት ሰላም አለኝ» አላት።

«አንተስ ምን አደረግከው?»

«ምንም። አልመታሁትም።»

«ሰላም አልከው?»

«አላልኩትም» አለና እጁን በአጥሩ አሾልኮ የምግቡን ሳህን ተቀበላት። «ኤቢሴን ግን በሚቀጥለው እሁድ ይዘሻት ነይ።»